ፕሮዲዩሰርነትና የሒሳብ መዝገብ



ፊልም ለመሥራት ከቁጠባችን ብድር የሚጠይቁ ወጣት አባላት አሉን። «ይህ ጨዋታ ነው» ብለን ባንመልሳቸው እንወዳለን።

ፕሮዲዩሰርነት በአብዛኛው የሒሳብ ሥራ ነው፤ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ መዋዋል፣ የካሜራ ኪራዩንና የሠራተኛውን ምሳ በየቀኑ መመዝገብ። ዝናብ ቀረጻውን ቢያስቆም ኪራዩ አይቆምም፤ መጠባበቂያ የሌለው በጀት እዚያው ያልቃል።

ከሌላ ሙያም ይገባበታል። «ድፍረት» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ ከፕሮዲዩሰሮቹ መካከል ዶክተር ምሕረት ማንደፍሮ ከሕክምና ሙያ የመጡ ናቸው።

እኛ የምንጠይቀው ወረቀት ነው። የድርሰቱ መብት በጽሑፍ ተገዝቷል? ከሲኒማ ቤቱ ትኬት ድርሻዋ ስንት ነው? ለዕቁብ እንኳ ዋስ እንጠራ የለ! ውሏን ይዛ ለምትመጣ እህት ሒሳብ ክፍላችን አብሯት ቁጭ ብሎ ያነባል።