አሮጌው ፍላሽ ወይስ አዲሱ?

(ለፎቶግራፍ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ክበባችን አንድ ፍላሽ ለመግዛት ገንዘብ ማዋጣት ከጀመረ ወዲህ በመካከላችን ሁለት ወገን ተፈጥሯል። አንዱ ወገን «ያገለገለ እንግዛ፤ ዋጋው ትንሽ፣ ጉልበቱ ብዙ ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ገንዘቡ እስኪሞላ ታግሠን ሁሉን በራሱ የሚሠራውን አዲሱን እንግዛ» ይላል። እኔም ከፊተኛው ወገን ነበርኩ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በርበሬ በረንዳ ላይ የደረሰብኝ ነገር ስለ ሆነ ከዚያ ልጀምር።

በርበሬ በረንዳን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም፤ በዓይኑ ያላየው እንኳ በመርካቶ ሲያልፍ አስነጥሶት ያውቀዋል። ከቆርቆሮው ጣራ ሥር የዛላ ጆንያ ተቆልሏል፤ ከደጅ የሚገባው ብርሃን ከመጀመሪያው ጆንያ አያልፍም። እዚያ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ዓረብ አገር ላለችው ልጃቸው የሚልኩት ፎቶግራፍ እንዳነሣላቸው ለመኑኝ። «በሥራዬ ላይ እንዳለሁ ትየኝ» አሉ።

እኔም ያገለገለ ፍላሽ ገዝቼ፣ ከጓደኛዬ በተዋስኩት ዲጂታል ካሜራ ላይ ሰክቼ አነሣኋቸው። በዚያን ቀን ሁለት ጥፋት ደረሰ። የመጀመሪያው፣ ፊታቸው ነጥቶ ጠፋ፤ በአየር ላይ ያለው የበርበሬ ብናኝም ብርሃኑን መልሶ ነጭ ነጠብጣብ ሆነና ሥዕሉን ሞላው። ባሳያቸው ጊዜ «ልጄ፣ ይህ እኮ ዱቄት የተነሰነሰበት ሰው ነው፤ ልጄ ብታየው ታመመች ብላ ታለቅሳለች» አሉኝ። ሁለተኛው ጥፋት፣ ካሜራው ከጥቂት ፎቶግራፍ በኋላ ማንኛውንም ፍላሽ ማዘዝ ተወ። የማሠሪያውን ዕዳ እስከ ዛሬ በየወሩ እከፍላለሁ።

ስለ ሁለተኛው ጥፋት አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱ ለሁላችንም ይጠቅማልና። የኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ከባትሪ የወሰደውን ኃይል 300 ቮልት ያህል አድርጎ በካፓሲተር ውስጥ ያከማቻል፤ ካሜራው ሲያዝዘው በአንድ አፍታ ወደ መብራቱ ይለቀዋል። በጥንቱ ካሜራ ትእዛዙን የሚሰጡት ሁለት ብረቶች እርስ በርሳቸው በመነካካት ነበር። ብረት ብዙ ቮልት ስለሚችል የጥንት ፍላሽ ሠሪዎች በፍላሹ እግር ላይ 200 ቮልትና ከዚያም በላይ ቢተዉ አልተጨነቁም። የዛሬው ካሜራ ግን የሚያዝዘው በረቂቅ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ነው። አንዳንዱ እስከ 250 ቮልት ሲችል፣ አንዳንዱ ከ6 ቮልት በላይ እንዳይነካው ተብሎ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ የካሜራውን መመሪያ መጽሐፍ ማንበብ ግዴታ ነው።

የፍላሹን ስም ማወቅ ብቻ አይበቃም። ለምሳሌ ቪቪታር 283 በሚባለው ታዋቂ ፍላሽ፣ ቀድመው ከተሠሩት አንዳንዶቹ ከ200 ቮልት በላይ ሲያሳዩ፣ በኋላ የተሠሩት ግን እጅግ ያነሰ ቮልት አላቸው። መፍትሔው መለካት ነው። ባትሪ አግብታችሁ ትንሿ መብራት እስክትበራ ቆዩ፤ ከዚያም የቴስተሩን አንድ ጫፍ በእግሩ መካከል ባለው ነጥብ፣ ሌላውን በጎኑ ባለው ብረት ላይ አድርጋችሁ አንብቡ። ነገር ግን ፍላሹን አትፍቱት፤ ባትሪው ወጥቶ እንኳ በካፓሲተሩ የቀረው ኃይል ሰውን ሊገድል ይችላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥፋት፣ ወደ እናታችን ፊት ልመለስ። ይህ የፍላሹ ሳይሆን የእኔ ጥፋት ነበር። «አዲሱ ቢሆን ኖሮ ያድንህ ነበር» የሚለኝ ይኖራል። በእርግጥ አዲሱ ፍላሽ አስቀድሞ ደካማ ብርሃን ይልክና ካሜራው በሌንሱ በኩል ለክቶ መጠኑን ይወስናል። ሠርግ ላይ ሰው ሲራመድ፣ ርቀቱም በየጊዜው ሲለዋወጥ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ይሁን እንጂ መለኪያው ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ባየ ጊዜ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ የአገራችን ሰው ፊትም ይጨልማል። ብናኙንም ቢሆን አያይም። ብርሃኑ ከሌንሱ አጠገብ እስከ ተነሣ ድረስ አሮጌውም አዲሱም ብናኙን ያበራዋል። ብርሃኑን ወደ ጣራ አዙሮ መመለስም በነጭ ጣራ ሥር እንጂ በዛገ ቆርቆሮ ሥር አይሠራም።

በእጅ ለሚታዘዝ ፍላሽ ግን ሒሳቡ ቀላል ነው። የፍላሹን የጉልበት ቁጥር ለርቀቱ ማካፈል ብቻ ነው። ቁጥሩ በሜትር 28፣ ሰውየውም ከፍላሹ 3 ሜትር ተኩል ቢርቅ፣ በአይ. ኤስ. ኦ. 100 የሌንሱ ቀዳዳ 8 ላይ ይሆናል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህን ያወቀ ተማሪ የብርሃን ጌታ ይሆናል፤ ያላወቀው ግን ውድ ዕቃ ቢይዝም የዕቃው አሽከር ነው።

እንግዲህ አሳቤ ይህ ነው። ክርክራችን አሮጌና አዲስ በሚል መከፈሉ ስሕተት ነው። ልንጠይቅ የሚገባን ሁለት ጥያቄ ነው፤ ካሜራውን አይጎዳም ወይ? መጠኑንስ በእጃችን ልናዝዝ እንችላለን ወይ? ለሁለቱም «አዎን» የሚል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም እንደ ዮንግኖ 560 ያለ፣ በዘመናችን የተሠራ ነገር ግን በእጅ ብቻ የሚታዘዝ ፍላሽ ነው። እርሱን ከካሜራው ነጥሎ ለመያዝ ከሚረዳ ገመድ ወይም የሬድዮ ማዘዣ ጋር እንግዛ። አሮጌ ፍላሽ ያላችሁም አትጣሉት፤ ለክታችሁ ቮልቱ ለካሜራችሁ የሚስማማ ከሆነ ብዙ ዘመን ያገለግላችኋል።

ባለፈው ወር በሌላ ካሜራ፣ ቮልቱ የተለካ ፍላሽ ይዤ ወደ በርበሬ በረንዳ ተመለስኩ። ፍላሹን በረዥም ገመድ ከጎን አድርጌ፣ የእናታችንን ነጠላ በሁለት ልጆች አስይዤ ብርሃኑን በእርሱ ላይ መለስኩት። ብናኙ ጠፋ፤ ፊታቸው ከነመሥመሩ፣ በርበሬውም ከነቅላቱ ወጣ። አዩትና ብዙ ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «አሁን ላከው» አሉኝ።