ለመጨረሻው ዓመት ሥራ ርእስ ስለ መምረጥ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ትምህርታችንን ከመፈጸማችን በፊት አንድ ነገር በራሳችን ጥረት መርምረን በጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘናል። በዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ምርመራው ወይም ጽሕፈቱ ሳይሆን ርእሱን መምረጡ ነው። ስለዚህ ርእሳችንን በምን መንገድ እንደ መረጥንና ከኋላችን ለሚመጡት ታናናሾቻችን ምን እንደምንመክር ባጭሩ ለመናገር ተነሥተናል።

መጀመሪያ የቀረቡት ርእሶች ታላላቅ ነበሩ። አንዱ ስለ ጠፈር መንኰራኵር፥ ሌላው ስለ አቶም ኃይል፥ ሌላዋም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንጻፍ አሉ። እነዚህ ነገሮች የሚናቁ አይደሉም። ነገር ግን ስለ እነርሱ ልንጽፍ የምንችለው ሌሎች የጻፉትን በመገልበጥ ብቻ ነው። ዛሬ የተጻፈውን ለማግኘት ስልክ መንካት ይበቃል፤ መሣሪያው ራሱ ሙሉውን ጽሑፍ በደቂቃዎች ውስጥ አሰናድቶ ይሰጣል። ስለዚህ «እኛ ራሳችን አይተንና ለክተን የምንጨምርበት ምን አለ?» ብለን በጠየቅን ጊዜ ከነዚያ ርእሶች አንዱም ሊቆም አልቻለም።

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው፥ በአጠገባችን ያለውን ነገር ለምርመራ የሚበቃ አድርገን አንቆጥረውም። የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ግን ሌላ ያስተምረናል። እኒህ የአገራችን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄደው ሳሉ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ተክል መገኘቱ ታላቅ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ የጐደለው «እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ለምን ሞቱ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

እንግዲህ እኛም ፊታችንን ወደ ማዕድ ቤት መለስን። እናቶቻችንና እኅቶቻችን በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ ሲጋግሩ ዓይናቸው የሚያለቅስበትን ጭስ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፥ ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2020 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል። የእንጨቱም ነገር ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶ ችግር ላይ ወድቃ ነበርና ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ እንዲተከል ግድ ሆነ።

ነገር ግን ጭሱን የምንለካበት መሣሪያ የለንም። ሚዛን ግን አለን። ስለዚህ ርእሳችንን ከጭስ ወደ እንጨት አጠበብነው፤ ይኸውም «ምርጥ ምድጃ እንጀራ ለመጋገር ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ምን ያህል እንጨት ይቆጥባል?» የሚል ነው። ይህ ምድጃ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራ ሲሆን፥ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው ሙቀቱ በከንቱ አይባክንም። የማገዶውን እኩሌታ ያህል ይቆጥባል ይባላል። እኛ የምንፈልገው በእኛ ማዕድ ቤት፥ በእኛ እንጨት፥ በእኛ ጋጋሪ እጅ እውነት መሆኑን ለማየት ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። እንጨቱ አንድ ዓይነትና እኩል የደረቀ ይሆናል፤ ሊጡም፥ የእንጀራውም ቍጥር፥ ጋጋሪዋም አንድ ይሆናሉ። እንጨቱ ከመንደዱ በፊት ይመዘናል፤ ተርፎ የቀረው እንጨትና ከሰሉም በኋላ ይመዘናሉ። አንድ ቀን ነፋስ ቢኖር ሌላ ቀን ላይኖር ይችላልና፥ ሁለቱን ምድጃዎች እያፈራረቅን ብዙ ቀን እንደጋግመዋለን። ያገኘነው ሩብ ብቻ ቢሆን ሩብ ብለን እንጽፋለን እንጂ እንግዶችን ለማስደሰት እኩሌታ አንልም።

ከወላጆቻችን አንዳንዶቹ «ብሔራዊ ፈተና በደጅ ቆሞ ሳለ እንጨት መመዘን ምን ይጠቅማችኋል?» ብለውናል። ሥጋታቸው እውነተኛ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት እኩሌታና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። እኛ ግን በአክብሮት የምንመልሰው፥ አማካይን በገዛ እጁ ካገኘው ቍጥር ያወጣ፥ ሙቀት በየት እንደሚያመልጥ በዓይኑ ያየ ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ ሲያገኘው እንግዳ አይሆንበትም ብለን ነው። ለዚህም ሥራ የመደብነው ቅዳሜን ብቻ ነው።

ታናናሾቻችን ሆይ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና ርእስ በችኰላ አትምረጡ። አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፥ መልሱን ባለን መሣሪያ ልንለካው እንችላለን? ሁለተኛ፥ በተሰጠን ጊዜ ይፈጸማል? ሦስተኛ፥ መልሱ ቢገኝ የሚጠቀምበት ሰው ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ የአንድ ሰው ስም እንኳ መጥራት ካልቻላችሁ ሌላ ርእስ ፈልጉ።

የኛን መልስ አስቀድሞ የሚጠብቀው የትምህርት ቤታችን ማዕድ ቤት ነው። የማገዶው ሒሳብ በየወሩ ይከፈላል፤ ጋጋሪዎቻችንም በየማለዳው ከእሳቱ ፊት ይቆማሉ። ያገኘነውን ቍጥር ከመምህራኖቻችን በፊት ለእነርሱ እናነባለን።