ስለ ፊት ጎማ ኩሽኔታና ስለ መሪ መንቀጥቀጥ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው እድራችን ድንኳንና ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳህን አለው እንጂ መኪና የለውም። ከከተማ ውጭ ለቅሶ በደረሰ ጊዜ የምንሄደው በአባላት መኪና ነው። ለአምስት ሰው በተሠራች መኪና ሰባት ሆነን፣ ሌሊት ተነሥተን፣ ቀብር እንዳያመልጠን እየተቻኮልን እንሄዳለን። ስለሆነም የአንድ አባል መኪና የፊት ጎማ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኮሚቴውም ይህንኑ አይቶ በሾፌርነትና በጋራዥ ሥራ የኖርነውን አባላት «እስቲ ለሰዉ አንድ ነገር ተናገሩ» ስላለን ቀርበናል። መኪና የሌላችሁም ስሙን። የጎማን ጩኸት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ተሳፋሪው ነው፤ ሾፌሩ እኮ ለምዶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው «መሪዬ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ጋራዥ ሲሄድ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ኩሽኔታው ሄዷል» የሚል ነው። ኩሽኔታው ይለወጣል፤ መንቀጥቀጡ ግን እዚያው አለ። ቀጥሎ ቴስቲኒው ይለወጣል፤ አሁንም አለ። ከመካከላችን አንድ አባል በዚህ ዓይነት የሁለቱንም ፊት ጎማ ኩሽኔታና ቴስቲኒ አስለውጠው፣ ገንዘባቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ የተገኘው ምን መሰላችሁ? በቸርኬው የውስጥ ገጽ ላይ የደረቀ የክረምት ጭቃ! በውሃና በእንጨት ተፋቀ፣ መንቀጥቀጡም ቆመ። ጋራዡን አንጠራውም፤ ይህን የሚያደርገው እሱ ብቻ አይደለምና።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት «መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው?» የሚለው ነው።

በከተማ ውስጥ ደኅና ሆኖ፣ አስፋልት ላይ ወጥቶ በሰዓት 80 ወይም 90 ኪሎ ሜትር ሲሞላ መሪው መርገብገብ ከጀመረ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ወይም ሲቀንስም ከተወው፣ ይህ በአብዛኛው የጎማ ሚዛን ጉድለት ነው። ጎማው በአንድ ወገን ይከብዳል ማለት ነው። ትንሽ ክብደት ምን ያደርጋል የሚል ካለ ሒሳቡን እንንገረው። በአነስተኛ መኪና ጎማ ቸርኬ ጠርዝ ላይ 30 ግራም ብልጫ ቢኖር፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎማው በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ ያቺ 30 ግራም 3 ኪሎ በሚሆን ኃይል ጎማውን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ታች ትጎትተዋለች። በሰከንድ 12 ጊዜ በ3 ኪሎ ኃይል እንደ መወዝወዝ ነው፤ ታዲያ መሪው ለምን አይንቀጠቀጥ? መድኃኒቱ ቸርኬውን ከውስጥም ከውጭም ማጠብ፣ የእርሳስ ሚዛኖቹ ወድቀው እንደሆነ ማየት፣ ጉድጓድ መትቶ የተጣመመ ቸርኬ ወይም ያበጠ ጎማ እንደሆነ መመርመር፣ ከዚያም ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ ባላንስ ማስደረግ ነው። አላይመንት ሌላ ነገር ነው። እሱ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲስብና ጎማ በአንድ ጎኑ ሲበላ ይጠቅማል፤ ይህን መንቀጥቀጥ ግን አያድንም።

መሪው የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ውፍረት ተዛብቷል ማለት ነው። ዲስኩን ማስመርመር እንጂ ጎማውን መወንጀል አይገባም።

ወደ ኩሽኔታው እንምጣ። ኩሽኔታ ሲያረጅ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ አይንቀጠቀጥም፤ ቀድሞ ይጮኻል። እንደ ሩቅ ወፍጮ ያለ ማጉረምረም ነው። ነዳጅ ቢለቁ፣ ማርሽ ቢያወጡም ጩኸቱ አይጠፋም፤ የሚከተለው የጎማውን ፍጥነት እንጂ ሞተሩን አይደለምና። ባዶ መንገድ ላይ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ቢያጥፉት ሸክሙ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ ጩኸቱ ከበረታ የተጎዳው የቀኙ ነው። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከበረታ ደግሞ የግራው ነው።

ለማረጋገጥ መኪናውን በክሪክ ማንሣት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አደራ እንላለን፤ በክሪክ ብቻ በተነሣች መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ፣ ከቻሲው በታች ጠንካራ የብረት ድጋፍ ይቁም፣ የኋላ ጎማዎችም በድንጋይ ይታገዱ። ከዚያ ጎማውን ላይና ታች ይዞ መወዝወዝ ነው። የሚንቋቋ ከሆነ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መንቋቋቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ኩሽኔታው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ጎማውን ከሚሸከሙት መጋጠሚያዎች ነው። ላይና ታች ጸጥ ብሎ ግራና ቀኝ ሲወዘወዝ ብቻ የሚንቋቋ ከሆነ ደግሞ ቴስቲኒውን ተመልከቱ። ቀጥሎም አንድ እጅን ከሱስታው ጠመዝማዛ ላይ አሳርፎ በሌላው ጎማውን ማሽከርከር ነው። የተበላ ኩሽኔታ አሸዋ እንደገባበት ሆኖ እጅ ላይ ይሰማል። ይህ ሁሉ ምርመራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ ገንዘብም አያስወጣም።

ኩሽኔታው መለወጥ ካለበት፣ አሠራሩ እንደ መኪናው ነው። ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ያገለገለችውን ላዳን እንውሰድ። እርሷ ከፊያት 124 የተወለደች፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሩሲያ የተሠራች መኪና ናት። ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ውስጥ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ኩሽኔታ አሉ፤ ሮለሮቻቸው ወደ አንድ ወገን የቀጠኑ ናቸው። አሮጌው ሲወጣ በሞዞው ውስጥ ተጣብቆ የሚቀረው የውጭ ቀለበትም አብሮ ይወጣል። አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ላይ የሚያስገባ ሠራተኛ ገጥሞናል፤ ዕቃ የቆጠበ ይመስለዋል፣ ነገር ግን አሮጌው ቁስል አዲሱን ወዲያው ይበላዋል። ቀለበቱ በናስ ዘንግ ዙሪያውን በጥቂት በጥቂቱ እየተመታ ይገባል። ሞዞው በላምባ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። ግራሶው ለጎማ ኩሽኔታ የሚሆን፣ ሙቀት የሚችል መሆን አለበት፤ ፍሬን አጠገብ ነውና። በመዳፍ ላይ አድርጎ በሮለሮቹ መካከል እስኪወጣ ድረስ መጠቅጠቅ ነው። ሞዞውን ግን ጢም አድርጎ መሙላት አያስፈልግም፤ ሲሞቅ መሄጃ ያጣና በፍሬኑ በኩል ይወጣል። ግራሶውን የሚያግደው የጎማ ቀለበትም አዲስ ይግባ።

አሁን ዋናው ነገር የዳዶው አጠባበቅ ነው። ሰው የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ፈሪው እንዳይፈታ ብሎ ያንቀዋል፣ ቸልተኛው ያላላዋል። በላዳ ሞዞውን እያሽከረከሩ ዳዶውን በ2 ኪሎ ግራም ሜትር ማጥበቅ ነው። ይህ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ እንደ መስቀል ነው። ከዚያ ፈትቶ እንደገና በ0.7 ብቻ ማጥበቅ፣ ከዚያም ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ወደ ኋላ መመለስ፤ በሰዓት ፊት ላይ የ4 ደቂቃ መንገድ ያህል ማለት ነው። በውስጡ የሚቀረው ክፍተት ከ0.02 እስከ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከራስ ጠጉር ውፍረት ብዙ አይበልጥም። ዳዶው አዲስ ይሁን፤ ከንፈሩ በዘንጉ ጎድጓዳ ላይ ተመትቶ ይቆለፋል። በቶዮታ ዲኤክስ ደግሞ የሚቆልፈው ኮፒሊያ የሚሉት ሽቦ ስለሆነ አሮጌውን አቃንቶ መመለስ ነውር ነው። ዋጋው ስንት ሆነና!

ከመጠን በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ይግላል፤ ግራሶው ቀልጦ ይፈሳል፤ ከዚያም ብረት ከብረት ይያያዛል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው በዓባይ በረሃ መንገድ፣ ቁልቁለቱን ፍሬን እየያዝን ስንወርድ፣ የፍሬኑ ሙቀት በዚያ ላይ ይጨመርበታል። ሰባት ሰው ጭኖ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ጎማ ቢያዝ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

እንደ ቪትዝና እንደ አዳዲሶቹ ኮሮላዎች ባሉት የፊት ጎማ በሚነዳቸው መኪናዎች ይህ ሁሉ ማስተካከል የለም። ብዙዎቹ ላይ ኩሽኔታው ተዘግቶ የመጣ ሲሆን በፕሬስ ይገባል። በመዶሻ የሚያስገባ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ምታቱ በጥይቶቹ በኩል አልፎ ቀለበቱን ይወጋዋል፤ ኩሽኔታው ገና ሳይሠራ ታሟል። በፕሬስም ቢሆን መገፋት ያለበት ወደ ቤቱ የሚገባው የውጭ ቀለበት እንጂ የውስጡ አይደለም።

ዕቃ ለመግዛት መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ኩሽኔታ በእጃችሁ ያዙ። በቀለበቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከአዲሱ ጋር ይመሳከር። ካርቶኑን አትመኑ፤ ካርቶን ማተም ኩሽኔታ ከመሥራት ይቀላል።

ሥራው ካለቀ በኋላ 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ነድቶ ማቆምና ሞዞውን በእጅ መንካት ነው፤ በተቻለ ፍሬን ሳይበዛ። ለብ ማለቱ ደግ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ጠብቋልና ይመለስ። የጎማው ብሎኖችም በመስቀል ቅርጽ ይጥበቁ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በፊት ደግሞ እንደገና ይታዩ።

ጠላው እስኪቀርብ ድረስ በግቢው ውስጥ ክሪክና ድጋፍ አዘጋጅተናል። መኪና ያላችሁ ተራ በተራ አምጡ፣ ጎማውን እንወዝውዝ። መጪው እሑድ ለሙት ዓመት ወደ ደብረ ማርቆስ የምትሄዱት ቅድሚያ አላችሁ። ነጠላና ጋቢ የለበሳችሁ ግን ራቅ በሉ፤ ግራሶ አይለቅም።