ውክልና አማና ነው፦ የአብዲ መሐመድ ዑመር የምርጫ መዝገብና የ273ቱ እጆች

(በጅግጅጋ ከዒሻ ሶላት በኋላ ለጀመዓ የተደረገ ንግግር፤ ሸዋል 1445 ዓ.ሂ. / ሚያዝያ 2016 ዓ.ም.)

  



ባለፈው መጋቢት፣ በረመዳን ጾም ላይ እያለን የሰማነውን ወሬ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የክልላችን የቀድሞ ርዕሰ መስተዳድር አቶ አብዲ መሐመድ ዑመር፣ ሰው ሁሉ አብዲ ኢሌ የሚላቸው፣ ክሳቸው ተቋርጦ ከአምስት ዓመት ተኩል እስር በኋላ ተፈቱ። ከዚያ ቀን ወዲህ በመስጂድ ደጃፍም በሻይ ቤትም ሁለት ዓይነት ሰው አያለሁ። አንዱ «ይብቃ፣ ያለፈው አልፏል፣ አፉ እንባባል» ይላል። ሌላው ምንም አይልም፤ ያልጨረሰውን ሻይ ትቶ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ዛሬ የምናገረው ዝም ብሎ ስለሚወጣው ሰው ነው።

«ኡስታዝ፣ ይህ ሐሜት አይሆንም ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ወንድም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዑለማዎቻችን ከተከለከለው ሐሜት የማይቆጠሩ ነገሮችን ሲዘረዝሩ በመጀመሪያ የሚጠቅሱት የተበደለ ሰው የሚያቀርበውን አቤቱታ ነው። እኔም የሰውየውን ቤት፣ ዘርና ጎሳ አላነሳም። የማነሳው የያዙትን ወንበርና ወንበሩን ያገኙበትን መንገድ ነው፤ እሱ የሕዝብ ጉዳይ ነው። ደግሞ ፍትሕ ስለሆነ ይህንንም ልናገር፦ በቀረበባቸው ክስ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ አልፈረደባቸውም። ክሱ እልባት ሳያገኝ ነው የተቋረጠው። ስለዚህ ማንም ከዚህ ወጥቶ «ኡስታዙ ፈረደ» እንዳይል። እኔ ቃዲ አይደለሁም።

ታሪኩን ከወንበሩ እንጀምር። ክልላችን የመጀመሪያውን ምርጫ ያደረገው በ1985 ዓ.ም. መግቢያ አካባቢ ነበር። ኦብነግ አብዛኛውን ወንበር አሸነፈ፤ መቀመጫውም ጎዴ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የራስን ዕድል በራስ መወሰንን ጉዳይ ሲያነሳ ከማዕከል ጋር ተጋጨ። በዚያው ዓመት ከመንግሥት ጋር የሚስማማ ሌላ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዋና ከተማውም በኋላ ወደ ጅግጅጋ መጣ። ከዚያ በኋላ ርዕሰ መስተዳድሮች እንደ ዝናብ ወቅት ይፈራረቁ ጀመር። አንዱ ቢሮውን ሳይለምድ ይነሳል፣ ሌላው ከወንበሩ ወደ እስር ቤት ይሄዳል።

ምርጫችንም ብዙ ጊዜ ከሌላው ኢትዮጵያ ጋር አይገጥምም ነበር። በ1992 ሌላው አገር በግንቦት ሲመርጥ እኛ የመረጥነው ነሐሴ 25 ነው። በ1997 ሌላው ግንቦት 7፣ እኛ ነሐሴ 15። በ2013 ሌላው ሰኔ 14፣ እኛ አዲስ ዓመት ገብቶ መስከረም 20 ቀን 2014። የእኛ ድምፅ ሲቆጠር የአዲስ አበባው መንግሥት ማን እንደሆነ ቀድሞ የታወቀ ነበር። ይህን ስታስቡ፣ ሕዝባችን ድምፅ መስጠትን እንደ ለቅሶ ደርሶ መመለስ ለምን እንደሚያየው ይገባችኋል። ይሄዳል፣ ይታያል፣ ይመለሳል።

አቶ አብዲ ወደ ላይ የወጡት በምርጫ ቅስቀሳ አይደለም። የወጡት በጸጥታ ሥራ ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. በደገሃቡር አቅራቢያ በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ ኦብነግ ጥቃት አድርሶ ከ70 በላይ ሰው ተገደለ፤ ዘጠኙ ቻይናውያን ነበሩ። የሞቱት የቀን ሠራተኞችም ልጆች የነበሯቸው ሰዎች ናቸው። ይህን ዘልዬ ባልፍ ሚዛኔ ይጎድላል። ከዚያ በኋላ መንግሥት ኦጋዴን ውስጥ ከባድ ዘመቻ ከፈተ፤ ልዩ ፖሊስ የሚባለውም ኃይል ተመሠረተ። የክልሉ የጸጥታ ኃላፊ አቶ አብዲ ነበሩ። ግንቦት 15 ቀን 2002 ምርጫ ሲደረግ ሶሕዴፓ በክልሉ ምክር ቤት የነበሩትን 186 ወንበሮች በሙሉ ወሰደ። በዚያው ክረምት ምክር ቤቱ አቶ አብዲን ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ መረጠ።

ልብ በሉ። የክልል ርዕሰ መስተዳድር እኛ በቀጥታ የምንመርጠው ሰው አይደለም። እኛ የምንመርጠው የምክር ቤት አባል ነው፤ አባሉ ደግሞ ከመካከላቸው አንዱን ይሾማል። ሥራውን ካልሠራ የሚጠይቀው፣ በጀቱን የሚመረምረው፣ የሚያወርደውም ያው አባል ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ሰው ብቻ ስናወራ ሌሎቹ ከኋላው ይደበቃሉ።

ግንቦት 16 ቀን 2007 ሁለተኛው ምርጫ ተደረገ። የምክር ቤቱ ወንበር ወደ 273 ከፍ ብሎ ነበር። ስንቱን ፓርቲያቸው አሸነፈ? 273ቱን። ከቶግ ውጫሌ እስከ ዶሎ፣ ከሽንሌ እስከ ቀብሪደሃር፣ አንድ ወረዳ እንኳ ሌላ ሰው አልመረጠም ማለት ነው። እናንተ ከብት ገበያ የምትውሉ ሰዎች ናችሁ። ሐርሺን ላይ 273 ሰው ስለ አንዲት ግመል ዋጋ ተስማምቶ ያውቃል? በአገር ደረጃም ያን ዓመት ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ነው የወሰዱት፤ የእኛ ክልል ብቻውን የፈጠረው ነገር አይደለም።

አሁን ያ ምክር ቤት ምን እንዳየና ምን እንዳደረገ እንይ። በጅግጅጋ ከተማ፣ ከምክር ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ጄል ኦጋዴን የሚባል እስር ቤት ነበር። ሰኔ 27 ቀን 2010 ሂዩማን ራይትስ ዎች ስለዚያ እስር ቤት ዘገባ አወጣ። በአሥሮች የሚቆጠሩ የቀድሞ እስረኞችን አነጋግሮ ድብደባን፣ መድፈርን፣ ረሃብን፣ እስረኛን በእስረኛ ፊት ማዋረድን መዘገበ። ብዙዎቹ ከኦብነግ ጋር ግንኙነት አላችሁ ተብለው የተያዙ፣ ፍርድ ቤትን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች ነበሩ። ዘገባው የሸፈነው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ያሉትን ዓመታት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የምክር ቤት አባላት በየስብሰባው ይመጡ ነበር። አበል ይቀበሉ ነበር። ከየወረዳቸው የታሰረ ሰው እናት እየመጣች በራቸውን ታንኳኳ ነበር። አንድ አባል ተነስቶ «ያ ግቢ ይከፈትልን፣ ገብተን እንይ» ቢል ኖሮ ምናልባት ራሱ ይታሰር ነበር፤ እሱን አልክድም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ግን የፈራ ሰው ወንበሩን መልቀቅ ይችላል።

በ2009 መጨረሻና በ2010 ከኦሮሚያ ጋር በሚያዋስኑን ቦታዎች በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከሁለቱም ወገን ተፈናቀለ። አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በአንድ ሰፍ ቆሞ ሲሰግድ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ብዙ ተብሏል፤ እኔ አልደግመውም።

ሐምሌ 28 ቀን 2010 የሆነውን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ፌዴራል ጦር ወደ ጅግጅጋ ገባ፤ ከተማው ተረበሸ፤ ሱቆች ተዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትና ምእመናን ተገደሉ። ልዩ ፖሊስና ሔጎ የተባለው የወጣቶች ቡድን ተሳትፈዋል ተብሎ አቶ አብዲና ሌሎች የተከሰሱት በዚህ ነው። ከመካከላችን «የተበደለው ሙስሊም አይደለምና የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚል ካለ ሸሪዓውን አላወቀም። ለአማና የተሰጠህ ጎረቤት ደሙም ንብረቱም ክቡር ነው። ስለ መስጂዳችን ሲነካ ድምፃችንን የምናሰማ ሰዎች የጎረቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ድምፃችን ከጠፋ፣ ነገ ማን ይሰማናል?

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 30፣ አቶ አብዲ ሥልጣን ለቀቁ። ነሐሴ 16 አቶ ሙስጠፌ ሙሐመድ ዑመር ክልሉን እንዲመሩ ተሾሙ። ነሐሴ 21 አቶ አብዲ አዲስ አበባ ላይ ተያዙ። ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሳው ማን ነበር? ያው ምክር ቤት። እነዚያው 273 ወንበሮች። ትናንት ለሹመት የወጣ እጅ ዛሬ ለመሻር ወጣ። አቶ ሙስጠፌ የምክር ቤቱ አባል ስላልነበሩ እስከ ቀጣዩ ምርጫ በማዕረግ ምክትል ርዕሰ መስተዳድር ተብለው ነው የመሩት። ምርጫውም በኮሮና ምክንያት ስለተራዘመ ለአምስት ዓመት የተመረጠው ምክር ቤት ከስድስት ዓመት በላይ ተቀመጠ። ፓርቲው በ2012 ብልጽግና ሆነ። መስከረም 20 ቀን 2014 ምርጫ ሲደረግ ኦብነግ ራሱን አገለለ፤ ብልጽግናም አሸነፈ።

ጄል ኦጋዴን መስከረም 2011 ላይ ተዘጋ፤ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ሰው እንደያኔው ተሸማቆ አያወራም፤ ይህን የማያይ ዕውር ነው። ሆኖም የአመራረጡ መንገድ ተለውጧል ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ተወዳዳሪ በሌለበት ማሸነፍ ከዚያኛው ጋር ወንድም ነው እላለሁ።

«አብዲ እኮ መንገድ ሠራ፣ ከተማውን አሳደገ፣ ሰላም አመጣ» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። መንገዱ ተሠርቷል፤ እኔም ሄጄበታለሁ። ነገር ግን የመንገዱ ገንዘብ የሕዝብ በጀት ነው። ባለአደራ የሰጠኸውን ገንዘብ ቢመልስልህ ሐቅህን ከፈለ እንጂ ስጦታ አልሰጠህም። በዚያ ላይ ልጁን ያጣ ሰው በአስፋልት አይካስም። ሰላም መጣ የሚለውን ደግሞ ጄል ኦጋዴን የነበረን ሰው ጠይቁት።

አሁን ወደ «አፉ እንባባል» ልመለስ። ይቅርታ ትልቅ ዒባዳ ነው። ነገር ግን የማን ሐቅ ነው? መንግሥት የራሱን ክስ ማንሳት ይችላል፤ አንስቷልም። ኡጋዞችና ሱልጣኖች ተቀምጠው ጎሳን ከጎሳ ሊያስታርቁ ይችላሉ፤ በሔር ማግ ይቆረጣል፤ ይህ የአባቶቻችን ወግ ነው፤ ብዙ ደም አድርቋል። በፊቅህ ግን የተገደለ ሰው ሐቅ በወራሾቹ እጅ ነው። አፉ ማለት የሚችሉት እነሱ ናቸው። የተደበደበው ሰው ሐቅ በራሱ በተደበደበው እጅ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሐቁ በእጁ ነው። እነዚህን ሰዎች ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስማቸውን እንኳ ሳይጽፍ፣ በአዳራሽ ውስጥ «ተዘግቷል» ቢባል አልተዘጋም። በቂያማ ቀን ይከፈታል፤ ያን ቀን ደግሞ የሚከፈለው በሐሰናት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለአቶ አብዲም የሚያዝን ሰው ካለ ሊመክራቸው የሚገባው በዱንያ ሳሉ ባለሐቆቹን እንዲፈልጉ ነው። ይህ ለእሳቸው ብቻ አይደለም፤ በዚያ ግቢ በር ላይ ቁልፍ ለያዘው ዘብም፣ እጁን ላወጣው የምክር ቤት አባልም ነው።

ባለሐቁም ቢሆን በእጁ ይበቀል አላልኩም። ጎሳ ለጎሳ ጣት እንዲቀሳሰርም አልፈልግም፤ በጄል ኦጋዴን የታሰሩት ብዙዎቹ የራሳቸው የአቶ አብዲ ጎሳ ልጆች መሆናቸውን አትርሱ።

ታዲያ ምን እናድርግ? በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ ሁሉ ወደ መስጂድ ደጃፍ ይመጣል፤ ጥቁር ምንጣፍ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ማጠራቀሚያ በርሜል ይዞ ይመጣል። ምንጣፉን ተቀበሉት፤ የሕዝብ ገንዘብ ከሆነ ግን የማን እንደሆነ ጠይቁት። ከዚያ በሰው ፊት ሌላ ጥያቄ ጠይቁት፦ በ2007 የተመረጠው ምክር ቤት ውስጥ ነበርክ ወይ? ከነበርክ ስለ እስር ቤቱ አንድ ቀን አፍህን ከፍተሃል? ካልነበርክ፣ ነገ ከወረዳህ ሰው ያለ ፍርድ ቢታሰር እስር ቤቱ በር ድረስ ትሄዳለህ? መልሱን በልባችሁ ሳይሆን በወረቀት ያዙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ወረቀቱን አሳዩት። እሺ ካላለ መስጂዱ የቅስቀሳ መድረክ አይሁንለት፤ ይህን የመስጂድ ኮሚቴዎች መወሰን ትችላላችሁ፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም።

ሌላው የመዝገብ ጉዳይ ነው። በመድረሳው ያሉ ልጆቻችን መጻፍ ይችላሉ፤ በሶማሊኛም በአማርኛም። ቤተሰቡ የታሰረበት፣ የሞተበት፣ ንብረቱ የጠፋበት ሰው ከፈቀደ ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን እንጽፍለታለን፤ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን። ያየውን ብቻ ይናገር፤ የሰማውን የሰማሁት ብሎ ይለይ። ስሙ እንዲወጣ የማይፈልግ አይወጣበትም፤ ደብተሩም ከሦስት ሽማግሌዎች እጅ አይወጣም። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከዐስር ሶላት በኋላ በመድረሳው እንቀመጣለን። እህቶች ለብቻቸው መናገር ለሚፈልጉ ሴት አስተማሪዎቻችን በሁለተኛው ክፍል ይኖራሉ። ከቀብሪበያህና ከአውበሬ የምትመጡ፣ መኪና እንዳያመልጣችሁ ከሌላው ቀድማችሁ ትስተናገዳላችሁ።