ጫካውን የነጭ ያደረገው ማነው?

(በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የምናገረው ስለ ዛፍ፣ ስለ ተራራና ስለ ውሃ ነው። “ምነው፣ ሌላ ርዕስ ጠፋ እንዴ?” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ትንሽ ታገሱኝ። ልጆቻችን “ድንኳን ተክሎ ጫካ ማደር የነጭ ነገር ነው፤ ጥቁር ዋና አይወድም” ሲሉ እሰማለሁ። ይህን ከእኛ አልተማሩትም። ከትምህርት ቤት፣ ከሰፈር፣ ከቴሌቪዥን ለቃቅመው ያመጡት ነው። እኛም “እውነትም ይሆናል” ብለን እናልፈዋለን። ለመሆኑ ጫካውን የነጭ ያደረገው ማነው? እግዜር ነው? ወይስ ሰው?

ከቅርባችን እንጀምር። ሃሪየት ተብማን በባርነት የተወለደችው እዚሁ አጠገባችን፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። በልጅነቷ በብርድ ወራት ረግረግ ውስጥ እየገባች የአውሬ ወጥመድ ትፈትሽ ነበር። ካደገች በኋላ ከእንጨት ሠራተኛ አባቷ ጋር ጫካ ውላለች። በ1849 አመለጠች። ከዚያም 13 ጊዜ ያህል ተመልሳ 70 የሚሆኑ ሰዎችን ከባርነት አወጣች። በምን ዘዴ? ማንበብ እንኳን አትችልም ነበር። በሌሊት ትጓዛለች፣ የሰሜኑን ኮከብ ታያለች፣ ረግረጉንና ወንዙን ታውቃለች። ነፃነቷን ያገኘችው በጫካ እውቀት ነው! በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ድንበር ላይ ባለው ታላቅ ረግረግ ውስጥም ያመለጡ ባሮች ጎጆ ቀልሰው ለብዙ ትውልድ ኖረዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ካሊፎርኒያ ልውሰዳችሁ። የአሜሪካ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1916 ነው። ከዚያ በፊት ዮሰሚቴንና ሴኮያን ከአዳኝና ከእንጨት ሌባ የሚጠብቀው ጦሩ ነበር። በ1899፣ በ1903 እና በ1904 ደግሞ “ቡፋሎ ሶልጀርስ” የሚባሉት ጥቁር ወታደሮች ጠብቀዋቸዋል። በ1903 የሴኮያ ፓርክ ተጠባባቂ ኃላፊ የነበረው ሻምበል ቻርለስ ያንግ ነው። ከባሮች የተወለደ፣ ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት በ1889 የተመረቀ፣ በዚያ ሦስተኛው ጥቁር ምሩቅ! በአንድ በጋ ግዙፎቹ ዛፎች ወዳሉበት ደን የሚያስገባውን የጋሪ መንገድ ከወታደሮቹ ጋር ሆኖ አስጨረሰ። የአካባቢው ሰዎች አንድ ዛፍ በስሙ ሊሰይሙለት ቢሉ “በቡከር ቲ. ዋሽንግተን ስም ሰይሙት፤ የእኔን ከ20 ዓመት በኋላ ካሰባችሁ ያኔ ታደርጉታላችሁ” አላቸው። በስሙ ዛፍ የተሰየመለት በ2004 ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህ ሰው በ1917 “ጤና የለህም” ተብሎ በጡረታ ሲገለል፣ በቀጣዩ ዓመት ከኦሃዮ እስከ ዋሽንግተን 800 ኪሎ ሜትር ያህል በፈረስ ተጉዞ ጤነኛነቱን አሳየ። ምን ዋጋ አለው! የጄኔራልነት ማዕረጉ የተሰጠው ከሞተ ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው።

ታዲያ መንገዱን የጠረገው ጥቁር ከሆነ እንዴት እንግዳ ሆነ? መልሱ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም ሆን ተብሎ የተዘራ ነው። በደቡብ ግዛቶች ጥቁር ሰው በመንጋ ፍርድ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። በሐምሌ 1919 በቺካጎ የ17 ዓመቱ ዩጂን ዊሊያምስ ሐይቅ ላይ ሲንሳፈፍ፣ በልማድ የነጮች ወደተባለው ዳርቻ ቢጠጋ በድንጋይ ተወርውሮበት ሰጠመ። በተከተለው ብጥብጥ 38 ሰዎች ሞቱ፤ 23ቱ ጥቁሮች ነበሩ። እኛ በበልግ ቅጠሉን ለማየት የምንሄድበት ሸናንዶዋ ፓርክስ? በ1939 ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ ሉዊስ ማውንቴን የሚባል ቦታ ተከፍቶ ነበር። ተራራው እንኳን ተከፋፍሎ ነበር ማለት ነው! በ1964 በፍሎሪዳ ጥቁሮችና ነጮች አብረው አንድ ሞቴል ገንዳ ውስጥ ቢገቡ፣ የሞቴሉ ኃላፊ አሲድ ደፋበት።

በዚያው ዓመት የሲቪል መብት ሕጉ ወጣ። በሩ ተከፈተ። ይሁንና ብዙ ከተሞች ከጥቁር ጋር ከመዋኘት ገንዳቸውን መዝጋት መርጠው ነበር። ያልዋኘ አባት ልጁን ዋና አያስተምርም። ዛሬም በዚህ አገር ጥቁር ሕፃናት ከነጮቹ በበለጠ መጠን ገንዳ ውስጥ ሰጥመው ይሞታሉ። እንግዲህ “ጥቁር ዋና አይወድም” የሚለው ቀልድ መጨረሻው ሬሳ ነው! በግንቦት 2020ም ክርስቲያን ኩፐር የተባለ ጥቁር የወፍ አፍቃሪ በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ አንዲትን ነጭ ሴት “ውሻሽን እሰሪ” ስላላት ፖሊስ ጠራችበት። እሱ ግን ወፎቹን አልተወም፤ በ2023 ስለ ወፎች የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቀረበ። በ2009 በኦክላንድ በሩ ማፕ የተመሠረተው “አውትዶር አፍሮ”ም ጥቁሮችን ይዞ ጫካ ይወጣል።

“ይህ እኛን ምን አገባን?” የምትሉ ካላችሁ፣ ያገባናል። በትውልድ አገር ላይ የቆመውን የስደተኞች ኮታ የሻረው የ1965 ሕግ የዚያው የትግል ዘመን ፍሬ ነው። ፖሊስም ሆነ ጎረቤት ልጃችንን ሲያይ “ይሄ ሐበሻ ነው” ብሎ አይለይም። የጥቁሩን ዕዳ ከወረስን ርስቱንም እንውረስ እንጂ!

መብቱ በወረቀት ኖሮ ካልሄድንበት “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን በዚህ ክረምት ዋና እናስመዝግብ። እኛም ብንሆን አልረፈደብንም። ሸናንዶዋ ስንሄድም ከመኪና ማቆሚያው ፎቶ ተነስተን አንመለስ። ሉዊስ ማውንቴን እንውጣ፣ ቡናችንን እዚያ አፍልተን ታሪኩን ለልጆቻችን እንንገራቸው። ቻርለስ ያንግ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ “ጫካ የነጭ ነው” አይልም።