ገበሬዋ አያታችን
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር)



ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ዑለማዎች፣ ስለ ነጋዴዎችና ስለ ጦር መሪዎች ነው። ጀምበር ሳትወጣ ተነስተው፣ ጀምበር ከጠለቀች በኋላም ሥራቸው የማያልቅ፣ እኛን አብልተውና አሳድገው በጸጥታ ያለፉ ሴት ገበሬዎችን ግን እምብዛም አናነሳም። ዛሬ ከእነርሱ መካከል የአንዷን፣ በጋሞ ዞን በላንቴ ኖረው ያለፉትን የአያታችንን ሕይወት እናስታውሳለን። የምናስታውሳቸው ለሙገሳ ብቻ አይደለም። በሕይወታቸው ውስጥ የብዙዎቻችንን ቤት የሚመለከት አንድ ሐቅ ስላለ ነው።

ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ በጋሞ ተራሮችና በአባያ ሐይቅ መካከል ያለ ቆላ ነው። ሐይቁ ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከበላዩ ያለው የጨንቻ ደጋ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። ላይ ብርድ፣ እንሰትና ገብስ፤ ታች ሙቀት፣ በቆሎ፣ ጥጥና ሙዝ። አያታችን የተወለዱት ደጋ ነው። ዓመቱን የጻፈ ሰው የለም፤ ጣሊያን በ1928 ዓ.ል አገራችንን ሲይዝ ጡት ያልጣሉ ሕፃን እንደነበሩ ብቻ ይነገራል። አግብተው ወደ ቆላ ሲወርዱ ዘመዶቻቸው ያለቀሱት ለሰርግ ወግ ብቻ አልነበረም። ያኔ ደገኛው ቆላን የሚያውቃት በወባዋ ነበርና! ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም። አያታችን ሁለት ልጆች በወባ ቀብረዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአልጋ አጎበር በየቤቱ ሲታደል፣ እርሳቸው በእጃቸው እየዳሰሱት «ይህ እንግዳ ዘግይቶ መጣ» ብለው ዝም አሉ።

ውድ አድማጮች! በአገራችን ገበሬ ሲባል ቶሎ የሚታየን ሞፈርና ቀንበር የያዘ ወንድ ነው። አያታችን ራሳቸው «ገበሬው ማነው?» ተብለው ሲጠየቁ የባለቤታቸውን ስም ይጠሩ ነበር። ታዲያ በቆሎውን የሚዘራው፣ የሚያርመው፣ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ማሳ እንዳያወድም እሳት አንድዶ የሚያድረው ማን ነበር? ከጓሮ የሽፈራው ቅጠል ሸምጥጦ ከበቆሎ ዱቄት ጋር የሚያበስለው፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን ጥጥ የሚፈትለውስ? ፈትላቸው ወደ ደጋ ወጥቶ በሸማኔ እጅ ጋቢ ይሆናል። በጋቢው ላይ የሸማኔው ጥበብ ይመሰገናል፤ የፈታይዋ ስም ግን አይጠራም።

ሙዝ በአካባቢው ሲስፋፋ አያታችን ከጎረቤት ሁሉ ቀድመው ተከሉ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ለሚሸጠው ሙዝ አርባ ምንጭና አካባቢዋ ዋና ምንጭ እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ሙዝ እንግዳ ጠባይ አለው። አንድ ግንድ በዕድሜው የሚሰጠው አንድ ዘለላ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይቆረጣል። ከሥሩ ግን ብዙ ቡቃያ ያወጣል። ሁሉም ይደግ ከተባለ ውሃውን ተሻምተው ሁሉም ይቀጭጫሉ። ስለዚህ ጎበዝ ገበሬ ሦስት ብቻ ያስቀራል፦ ፍሬ የያዘችውን እናት፣ የምትከተለውን ልጅና ገና ብቅ ያለችውን የልጅ ልጅ። የግብርና ባለሙያዎች የሚመክሩትም ይህንኑ ነው። አያታችን ፍሬዋን ሰጥታ የተቆረጠችውን ግንድ ከትፈው እዚያው ሥሯ ላይ ይበትኑታል። «እርጥበቷ ለልጆቿ ነው» ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ተነሳንበት ሐቅ እንምጣ። በ1967 ዓ.ል የወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ለአራሹ እንዲሆን ሲደነግግ፣ በገበሬ ማኅበር መዝገብ ላይ የሰፈረው በአብዛኛው የአባወራው ስም ነበር። በ1987 ዓ.ል የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሴቶች መሬትን በመጠቀምም ሆነ በመውረስ ከወንዶች እኩል መሆናቸውን ደነገገ። የ1997 ዓ.ል የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ የምስክር ወረቀት በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። በዚያን ጊዜ በነበረው የደቡብ ክልል፣ በወረቀቱ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶግራፍ ይለጠፍ ነበር። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ል በወጣው አዲስ አዋጅ ቢተካም የሴቶች መብት ጸንቶ ቀጥሏል።

አያታችን ያን ፎቶግራፍ የተነሱት ከሰባ ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው፤ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነበር። አያታችን አባወራው ካረፉ በኋላ ዘመድ ተሰበሰበና መሬቱ ለወንዶቹ ልጆች እንዲከፈል፣ እርሳቸውም ከአንዱ ልጅ ቤት ገብተው «እንዲጦሩ» ሐሳብ ቀረበ። ክፋት ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ልማዱ ነው። እርሳቸው ምንም አልተናገሩም። ከሣጥናቸው ወረቀቱን አውጥተው በሽማግሌዎቹ ፊት ዘረጉትና «ይህ ፊት የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌዎቹ አሰቡበት። የጋሞ ሽማግሌዎች ለእርቅ ያላቸውን ክብር አገር ያውቀዋል፤ በመስከረም 2011 ዓ.ል አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጣ ወጣትን መመለሳቸው አይረሳም። በእኛም ቤት ነገሩ በሰላም አለቀ። የአያታችን ድርሻ ለአያታችን ሆነ። ሴቶቹ ልጆቻቸውም ባዶ እጃቸውን አልሄዱም።

ወንድሞችና እህቶች! እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚዘነጋው ነገር አለ። ባል ሲሞት የሚወረሰው የባል ድርሻ ብቻ ነው። የሚስት የራሷ ድርሻ ውርስ አይደለም፤ እርሷ በሕይወት እያለች ማንም ሊከፋፈለው አይችልም። እናም አስቀድሞ የእርሷ ይለያል፤ ቀጥሎ የሟቹ ዕዳ ይከፈላል፤ ውርስ የሚባለው ከዚያ ወዲያ ነው። ከሟቹ ድርሻ ደግሞ ለእናት፣ ለሚስትና ለሴት ልጅ አላህ በቁርኣን፣ በሱረቱ ኒሳእ፣ ድርሻቸውን ወስኗል።

በኸሊፋው በአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመን አንዲት አያት የልጅ ልጇ ሞቶባት ድርሻዋን ልትጠይቅ መምጣቷ ተዘግቧል። አቡበክር ለአያት የተወሰነ ድርሻ እንደማያውቁ ነገሯት፤ ነገር ግን ሰዎችን እስኪጠይቁ እንድትጠብቅ አደረጉ። ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአያት ስድስተኛውን እጅ ሲሰጡ እንደነበሩ መሰከሩ። ሌላ ምስክር ሲጠየቅም ሙሐመድ ኢብኑ መስለማ ይህንኑ አጸኑ። ድርሻዋም ተሰጣት። ከዚህ በመነሳት፣ እናት በሌለች ጊዜ አያት ስድስተኛውን እጅ እንደምትወርስ ሊቃውንት ያስተምራሉ። ልብ በሉ! የሙስሊሞች መሪ አንዲትን አሮጊት ችላ አላሏትም። ባያውቁ ጠየቁላት። እኛስ በመንደራችን ለመብቷ የምትመጣን አሮጊት እንዲህ እናስተናግዳታለን?

እንግዲህ አያቶቻችሁ በሕይወት ያሉ ሁሉ፣ ከዚህ ንግግር በኋላ ሁለት ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ አጠገባቸው ተቀመጡና የት እንደተወለዱ፣ ምን እንደዘሩ፣ ማንን እንደቀበሩ ጠይቃችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፣ የመሬት ወረቀታቸው የት እንዳለና ስማቸው በትክክል መስፈሩን አረጋግጡ። እናቶቻችንን መውደድ በለቅሶ ቀን ብቻ የሚታይ መሆን የለበትም።

ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። አያታችን ከመንገዱ ዳር የተከሉት ማንጎ ዛሬም ያፈራል። መንገደኛው ይበላል፤ ወፉም ይበላል፤ ከእኛ ማንም አይከለክላቸውም። አላህ ለአያታችን ይዘንላቸው፤ ስማቸው ሳይጠራ ያለፉትን እናቶች ሁሉ በጀነት ያኑርልን። አሚን።