እርድ በድስትና በጤና

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት፥ በሳይንስ ክበብ ስም በአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





በዚህ በትምህርት ቤታችን የደስታ ቀን ስለ ታላላቅ ነገሮች የሚናገሩ ብዙዎች አሉ። እኔ ግን የምናገረው በየቤታችን መደርደሪያ ላይ በትንሽ ዕቃ ስለሚቀመጠው ስለ እርድ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፥ በእርሱ ምክንያት ከቤተሰባችን አንድ ሰው ልናጣ ደርሰን ነበርና ለእኔ ትንሽ አይደለም። ይህንንም ኋላ እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ ግን እርድን ከነዘመዶቹ ላስተዋውቃችሁ። እርድ፥ ዝንጅብልና ኮረሪማ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ከእርድ የምንጠቀመው በመሬት ውስጥ የሚያድገውን ጣት የመሰለውን ክፍል ነው። የጥንት አገሩ ደቡብ እስያ ሲሆን፥ ዛሬም ከዓለም ሁሉ አብልጣ የምታመርተው ሕንድ ናት። በአገራችን ሙቀትና ዝናብ በሚበዛበት በደቡብ ምዕራብ፥ በቴፒና በሚዛን አካባቢ በብዛት ይለማል፤ በቴፒም የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ይገኛል። ገበሬው ከተከለው በኋላ ከ7 እስከ 9 ወር ቈይቶ ቅጠሉ ሲደርቅ ይቈፍረዋል፤ ያጥበዋል፤ ይቀቅለዋል፤ ከዚያም ብዙ ቀን በፀሐይ ያሰጣዋል። እንግዲህ ድስት ውስጥ የምንጨምረው አንድ ማንኪያ ዱቄት ይህን ሁሉ ድካም ያለፈ መሆኑን ማስታወስ ይገባናል።

እኔ ስለ እርድ መጠየቅ የጀመርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት በእናቴ ነጠላ ላይ አልጫ ወጥ አፈሰስሁበት። እናቴ ሳታይ ላጥበው ብዬ በሳሙና ባሸው፥ ቢጫው ነጠብጣብ ደም መሰለ! ደንግጬ በማግሥቱ የኬሚስትሪ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም በእርድ ውስጥ ኩርኩሚን የሚባል ቢጫ ቀለም እንዳለ፥ ይህም ቀለም ሳሙናንና የአመድ ውሃን በመሰለ ነገር ሲነካ እንደሚቀላ፥ ሎሚ ሲያገኘው ግን ወደ ቢጫነቱ እንደሚመለስ አስረዱኝ። ከዚያ በኋላ በክበባችን እርድን በአልኮል በጥብጠን፥ ነጭ ወረቀት ነክረን አደረቅንና ሞከርነው፤ ነገሩ ልክ እንዳሉት ሆነ። ብዙ ዕቃ የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ በዚህ ወረቀት ቤዝን ለይቶ ማወቅ ይችላል ማለት ነው። ነጠላውም በሚገባ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቀለሙ ለቀቀ፤ ኩርኩሚንን ብርሃን ያደበዝዘዋልና። ስለዚህ እናቶቻችን የእርድ ዱቄትን ብርሃን በማያገኘው ቦታና በተከደነ ዕቃ እንዲያስቀምጡት አሳስባለሁ።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ። ቀይ ወጥ በበርበሬ እንደሚከብር፥ አልጫ የሚከብረው በእርድ ነው። የክክ አልጫ፥ የድንች፥ የጥቅል ጎመንና የካሮት ወጥ፥ የበግ አልጫም ሳይቀር መልካቸውን ከእርድ ያገኛሉ። ቅቤ ሲነጠርም ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር ጥቂት እርድ የሚጨምሩ አሉ። እናቴ የክክ አልጫ ስትሠራ ሽንኩርቱን በዘይት ታበስላለች፤ እንዳይቀላ ግን ትጠነቀቃለች። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ካስከተለች በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ነስንሳ ጥቂት ታማስላለች፤ ከዚያም የተቀቀለውን ክክ ትገለብጥበታለች። ይህ የእናቶች ልማድ ከሳይንስ ጋር ይስማማል፤ ኩርኩሚን በውሃ እምብዛም አይሟሟም፥ በቅባት ግን ይሟሟል። እርዱ ካረረ ወይም ከበዛ ግን ወጡ ይመራል። «ማርም ሲበዛ ይመራል» ይባል የለም?

ስለ ጤናም ቢሆን የእርድ ትልቁ ጥቅም ከዚሁ ከድስቱ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። በርበሬ ለማይስማማው ሰው፥ ለሕፃንና ለአረጋዊ አልጫ ጥሩ ምግብ ነው። ቀለሙም ዓይንን ስለሚስብ፥ ታናሽ ወንድሜ ነጩን ጎመን ገፍቶ ቢጫውን ይበላል። ከእርዱ ጋር ክኩ፥ ድንቹና ካሮቱ አብረው ወደ ሆድ ይገባሉና፥ ትርፉ ቀላል አይደለም።

ከዚህ በላይ ግን «እርድ የማያድነው በሽታ የለም» የሚል ወሬ በየቦታው ይሰማል። ይህን በእርሳስና በወረቀት እንመርምረው። አንድ የሻይ ማንኪያ የእርድ ዱቄት 3 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ኩርኩሚኑ በመቶ 3 ያህል ቢሆን፥ በማንኪያው ውስጥ ያለው 90 ሚሊ ግራም ነው። ወጡን አምስት ሰዎች ቢበሉት ለእያንዳንዱ 18 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። ተመራማሪዎች ግን በሰው ላይ ሲሞክሩ ብዙውን ጊዜ በቀን 500 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፥ ተጣርቶ የወጣ ኩርኩሚን ይሰጣሉ። እንዲህም ሆኖ በጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ላይ ጥቂት ማስታገሥ ታየ እንጂ፥ ስኳርን ወይም ካንሰርን ፈውሶ መድኃኒትን የሚተካ ሆኖ አልተገኘም።

ሁለተኛም ሰውነታችን ኩርኩሚንን በቀላሉ አይቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1998 የሕንድ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊ ግራም የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ጋር ሲሰጥ፥ ወደ ደም የገባው 20 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ መጀመሪያ እጅግ ጥቂት የነበረ ነገር 20 እጥፍ ቢሆን ብዙ ሆነ ማለት አይደለም።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። የስኳር በሽታ ያለባቸው አክስት አሉኝ። ከዕለታት አንድ ቀን ጎረቤታቸው «እርድ በወተት እየጠጡ ኪኒኑን ይተዉት፤ ኪኒን ሰውነት ይጎዳል» ብለው መከሯቸው። ምክሩ የመጣው ከክፋት ሳይሆን ከፍቅር ነበር። አክስቴም ጧትና ማታ እርዱን እየጠጡ ኪኒናቸውን ለአንድ ወር ያህል ተዉ። እኛም እያየን ዝም አልን፤ እንዲያውም እርዱን የምወቅጥላቸው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ጥማት በረታባቸው፤ ሌሊት ለሽንት መመላለስ አበዙ፤ ዓይናቸው ብዥ አለ፤ በመጨረሻም ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። ወደ ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ቀናት ተኝተው፥ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ትጋት ተረፉ። ሲሻላቸው «እርድ እግዚአብሔር የሰጠን አይደለም ወይ?» ብለው ቢጠይቁ፥ ያስታመመቻቸው ነርስ «እናቴ፥ እርዱን ማን ከለከለዎት? ኪኒኑን ለምን ተዉት ነው የምልዎት» ስትል መለሰችላቸው። ይህ ቃል ከብዙ ትምህርት ይልቅ በልቤ ቀርቷል። እኔ በክበባችን ስለ ኩርኩሚን እያጠናሁ፥ ለአክስቴ ግን አንድ ቃል አለመናገሬ ዛሬም ይቈጨኛል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፥ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ።

አንደኛ፥ እርድን ከምግብ ጋር ብሉ፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን በእርድ አትተኩ።

ሁለተኛ፥ ኩርኩሚኑ ተጣርቶ በእንክብል የሚሸጠውን በዘፈቀደ አትዋጡ። ጉበትን የጎዳበት ጊዜ በሐኪሞች ተመዝግቧል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው በተለይ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሦስተኛ፥ ስትገዙ አስተውሉ። በባንግላዴሽ አንዳንድ ነጋዴዎች እርዱ እንዲደምቅ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ያለበትን ቢጫ ቀለም ይቀቡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች ይህን ይፋ አደረጉ፤ መንግሥትም ተቈጣጠረ፤ በዚያው ዓመት ከገበያ ከተወሰደው ናሙና በመቶ 47 እርሳስ የተገኘበት ሲሆን፥ በ2021 አንድም አልተገኘበትም። እርሳስ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ ነውና፥ ከልክ በላይ የሚያብለጨልጭ እርድ አያታልላችሁ። ቢቻል ያልተፈጨውን ገዝታችሁ፥ ሰብራችሁ ውስጡን አይታችሁ፥ አጥባችሁና አድርቃችሁ በቤት ውቀጡት። የጤናማ እርድ ልጣጩ ደብዛዛ፥ ውስጡ ደማቅ ነው።

አክስቴ ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጠው ይሰሙኛል። ከቤታቸው አልጫ አይጠፋም፤ ኪኒናቸውንም በሰዓቱ ይውጣሉ። እኔም እርዱን እንደ ድሮው እወቅጥላቸዋለሁ፤ ከመውጣቴ በፊት ግን «ኪኒኑንስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ይህን አንድ ጥያቄ ለታላላቆቻችሁ እንድትጠይቁልኝ እለምናችኋለሁ።